ዕጣን ዕጣን የማይል ነጠላ

መርካቶ የማይገባ ዕቃ የለም እንላለን አይደል? መጽሐፍም እንደዚያው ነው። ያገለገሉ የእንግሊዝኛ ልብወለዶች ከተከመሩበት ብትቆፍሩ፣ ሽፋኑ ላይ ነጭ ቆብ የደፋች ልጅ፣ ከኋላዋ ደግሞ የፈረስ ጋሪ ያለበት መጽሐፍ አይጠፋም። የአሚሽ ልብወለድ ይሉታል። አሚሾች በአሜሪካ የሚኖሩ፣ መኪና የማይነዱ ክርስቲያኖች ናቸው። ጎልምሶ ከተጠመቀ በኋላ ከማኅበሩ የወጣን ሰው ያገልሉታል። ቤተሰቡ እንኳ ከአንድ ገበታ አብሮት የማይበላበት ቤት አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ልብወለድ ገበያውን የከፈተለት በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የቤቨርሊ ልዊስ «ዘ ሸኒንግ» ነው። ልጅቷ ቆጥ ላይ የሳቲን የሕፃን ቀሚስ ታገኛለች። አሚሽ ቤት ውስጥ ሳቲን ምን ይሠራል? እናቷ ስትደብቀው የኖረችው ጉድ ይወጣል፤ ልጅቷ የማደጎ ናት።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል እንጂ! የአሚሾች የሃይማኖት ዘመድ የሆኑት ሜኖናይቶች እዚህ አገር መጥተው ለመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መነሻ ሆነዋል። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘጋት፣ መሪዎቿን አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በድብቅ መጸለይ ጀመሩ። ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ደርግ ወድቆ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ይህን ታሪክ ስናወራ ከካድሬ መደበቃቸውን እንተርካለን። ከእናት መደበቁንስ ማን ይተርከው?

መርካቶ ውስጥ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ተጎራብተው ይኖራሉ። ጎረቤቱ ሌላ እምነት ቢኖረው የመርካቶ ሰው ምንም አይመስለውም። ጉዱ የሚፈላው ከገዛ ማጀቱ የወጣ ለታ ነው።

ከእኛ ማጀት የወጣችው ታላቅ እህቴ ናት። እሑድ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ቅያሱን ስታልፍ ነጠላውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ታክሲ ትይዛለች፤ ወደ ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቷ። ስትመለስ እዚያው ቅያስ ላይ መልሳ ትለብሰዋለች። (ሰብለ ወንጌልም እኮ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ከአባቷ ቤት የጠፋችው መነኩሴ መስላ ነው። የሃይማኖት ልብስ ለመደበቂያ ሲያገለግል እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።) ይህ ነገር አራት ዓመት ሄደ።

በኋላ እናቴን ጠየቅኳት። «እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ነጠላዋ ዕጣን ዕጣን አይልማ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ከተናገርኩ እኮ መምረጥ ሊኖርባት ነው። እኔን ብትመርጥ ታዝንብኛለች፣ እነሱን ብትመርጥ አጣታለሁ።»

እንግዲህ ሁለቱም ዋሹ፣ ሁለቱም አንድ ትሪ ላይ እየበሉ ለመቆየት። ቤተሰብ ውስጥ ብዙው ውሸት ጥሎ ለመሄድ የሚነገር አይመስለኝም፤ ላለመሄድ ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው። እህቴ የተጠመቀች ቀን፣ በሕይወቷ ትልቁ ደስታዋ በነበረ ቀን፣ ቤት መጥታ እንደ ወትሮው ቡና አፈላች። አባታችን ታሞ ሲተኛ እግሩ ሥር ተቀምጣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጸለየች። ውሸቱ ቦታዋን ጠበቀላት፤ እዚያ ቦታ ላይ የምትቀመጠው ግን ሌላ ልጅ ነበረች።

በልብወለዱ እውነት ሲወጣ ታሪኩ ይነሳል። በእኛ ቤት እውነቱ የወጣው እህቴ ልታገባ ስትል ነው። እናቴ ጸሎት ቤቱ ድረስ ሄደች። ራጉኤል ስትሄድ እንደምታደርገው ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀመጠች፣ አንድም ጊዜ «አሜን» ሳትል። ሁለት አጎቶቼ አልመጡም። እስከ ዛሬም የእህቴን ደጅ አልረገጡም። ልጆቿ በስም እንጂ በመልክ አያውቋቸውም።

እህቴን «ይቆጭሻል?» ብላችሁ ብትጠይቋት፣ የተናገረችው እውነት አይቆጫትም። የሚቆጫት አራቱ ዓመት ነው፤ እናቷ እንደምታውቅ ብታውቅ ኖሮ ቢያንስ ለሁለት ይደብቁት ነበር።