የመጀመሪያው ዜናዬ ውሸት ነበር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። የዘንድሮው ድር ግን አንበሳውን ትቶ ባለቤቱን ሲያስር አይቻለሁ። የታሰርኩት እኔው ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ከዲፓርትመንታችን የተመረቀ አንድ ወንድማችን ሻይ እየጠጣን «ሊንክድኢን የሌለው ጋዜጠኛ መታወቂያ እንደሌለው ሰው ነው» አለን። ምክሩ ክፉ አልነበረም። በታላላቆቻችን ዘመን ሥራ ፈላጊ የሚውለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ነበር። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ የክፍት ሥራ ቦታ ገጹን ማንበብ፣ እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ በኩር ጋዜጣን ማገላበጥና በየመሥሪያ ቤቱ በር የተለጠፈውን መቃኘት ነበር። ዛሬ ኢትዮጆብስ አለ፣ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ፣ ሊንክድኢንም አለ። ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተከፍቶ፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፣ አባላቱም ከ1 ቢሊዮን በላይ መድረሳቸውን ራሱ የሚናገር ድረ ገጽ ነው። ሌሎቹ በዋናነት ማስታወቂያ ያሳዩናል፤ ይሄኛው ሰው ያሳየናል። ማን ማንን እንደሚያውቅ ይቆጥራል። በቀጥታ የምታውቀው ሰው አንደኛ ደረጃ፣ እሱ የሚያውቀው ሁለተኛ ደረጃ፣ እያለ ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተር ላብ ገብቼ ገጼን ከፈትኩ። ቅጹ ማን እንደሆንኩ በአንድ መስመር እንድጽፍ ጠየቀኝ። «የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ» ብዬ ጻፍኩና አየሁት። ባዶ ሆነብኝ። አጠፋሁትና «ጋዜጠኛ፣ ተመራማሪና የሚዲያ አማካሪ» አልኩ። የሥራ ልምድ ሲለኝ «የጣና ሐይቅን ጉዳይ ለሦስት ዓመት ዘግቧል» ብዬ ሞላሁ። መቼም ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለ እምቦጭ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። አንድ ገጽ። እሱንም ከሌላ ጽሑፍ ቀንጭቤ።

ከዚያ ሰው መሰብሰብ ጀመርኩ። በሁለት ወር 412 ደረስኩ። ፕሮፌሰር አለ፣ ዳይሬክተር አለ፣ ናይሮቢና ዋሽንግተን ያለ ሰው አለ። የዶርም ጓደኛዬ ቁጥሩን አየና «ከነዚህ ውስጥ ለቅሶ የሚደርስህ ስንቱ ነው?» አለኝ። ቅናት መሰለኝ።

አንድ ማታ መልእክት መጣ። ውጭ ሀገር የሚኖር በፊልም ሥራ ላይ ያለ ወገናችን ነው። ስለ ጣናና ስለ እምቦጭ አጭር ፊልም እያዘጋጀ ነው። «ሦስት ዓመት እንደዘገብክ አንብበናል፤ ከሥራዎችህ ሁለቱን ላክልን፤ ዓሣ አስጋሪዎችንም እንድታገናኘን እንፈልጋለን» ይላል። የቀን አበሉንም ጽፏል። አባቴ በሁለት ወር ከሚልክልኝ ይበልጣል። ሌሊቱን አልተኛሁም። «የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ስምህን አድርግና ላክ፣ ማን ያውቃል?» ያለኝ ጓደኛም ነበር። እውነቱን ልናገርና ሁለት ጽሑፎች መርጬ አስቀምጬ ነበር።

በማግስቱ ግን «ቢያንስ ዓሣ አስጋሪዎቹን እውነት ላድርጋቸው» ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ወደ ሐይቁ ስል እንድታውቁልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ባሕር ዳር ከመጣሁ ጀምሮ ጣና ዳር ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ቡና ጠጥቻለሁ። ከሐይቁ የሚኖር አንድ ሰው ግን አናግሬ አላውቅም ነበር።

ዳር ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው መረብ ይፈታሉ። አጠገባቸው የደንገል ታንኳ ተደፍቷል። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው ጫማዬን አዩ። «ማን ላከህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እዚህ ማንን ታውቃለህ?» አሉኝ ደግመው። ከ412ቱ አንድም ሰው ትዝ አላለኝም። ወደ መረባቸው ተመለሱ።

አፍሬ ዓሣ የሚጠብሱ አንዲት እናት ጋ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አዝዤ እየበላሁ «ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ለእሳቸው ዘረገፍኩት። ተማሪ መሆኔን፣ ያልሠራሁትን መጻፌን፣ የመጣልኝን ሥራ። እስኪበቃቸው ሳቁና ወደ ሰውየው ጮኸው «ኧረ አንተ! ይሄ ልጅ ተማሪ ነው እንጂ ጋዜጠኛ አይደለም፤ ምናለ ብታናግረው!» አሉ።

መጡ። ስለ እምቦጭ ጠየቅኳቸው። «የበዛው እኮ በወዲያ በኩል ነው» አሉኝ፤ «በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በፎገራ በኩል። እዚህ ቆመህ እንዴት ስለ እሱ ትጠይቀኛለህ?» ክው አልኩ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ይበልጥ ያስቸገረውም የሐይቁን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ሦስት ዓመት የዘገበ ቀርቶ አንድ ቀን በቅጡ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። እኔ አላውቅም ነበር። ሁለቱን የሰው ጽሑፎች ልኬ ሥራውን ባገኝ ኖሮ የፊልም ሠራተኞቹን ይዤ የምሄደው ወደተሳሳተው ዳርቻ ነበር ማለት ነው።

ያን ዕለት አመሻሽ ለሰውየው እውነቱን ጻፍኩለት። ተማሪ ነኝ፣ የዘገብኩት የለም፣ ገጼን አርሜዋለሁ፣ ቀረጻው ግን በሰሜን ምሥራቁ በኩል ቢሆን ይሻላል አልኩት። ከ9 ቀን በኋላ ሁለት መስመር መለሰ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል፤ ስለነገርካቸው ያመሰግናሉ። አለቀ። አበሉ ቀረ። ቅር አላለኝም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ፣ አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደሆነ ጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። በ2022 ደግሞ በ20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። ለሥራ ይበልጥ የጠቀመው በጣም የቀረበ ትውውቅ ሳይሆን መጠነኛ ላላ ያለው ነው ይላል። ዓሣ ጠባሿ እናት ለእኔ እንዲያ ነበሩ። ለአንድ ሰዓት የተዋወቅኳቸው ሰው ከ412ቱ የበለጠ በር ከፈቱልኝ። ልብ በሉልኝ፣ በሩን የከፈቱት ግን «ጋዜጠኛ ነው» ብለው ሳይሆን «አይደለም» ብለው ነው።

ድረ ገጹን አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ባለሙያ ለማግኘት፣ ክፍት ሥራ ለማየት ይጠቅማል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አርታኢ የለውም። እኔ የፈለግኩትን እንደጻፍኩ ሁሉ ቀጣሪ ነኝ ባዩም የፈለገውን ይጽፋል። በ2017 ዓ.ም. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት የብዙ ሀገር ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩበት። ብዙዎቹን ወደዚያ የወሰዳቸው በኢንተርኔት የመጣ የሥራ ተስፋ ነው። ስለዚህ ቀጥረናል የሚለውን ሰው እንደ ዜና ምንጭ እንመርምረው። መሥሪያ ቤቱ አለ ወይ? ሌላ ሰው ያውቀዋል ወይ? አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀውስ ለምንድን ነው?

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሌላም ነገር አለ። የምንሰበስበው ሰው ነገ ምንጫችን ነው። የትውውቅ ዝርዝራችንን ሌሎች እንዳያዩት ማድረግ የሚያስችል ማስተካከያ ገጹ ላይ አለ፤ እኔ ዘግቼዋለሁ። አንዳንዱን ምንጭ ደግሞ ጭራሽ እዚያ አለማስገባት ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ የቀረልን በእጅ የተጻፈ ስልክ ቁጥር እንደነበር አንረሳውም።

አሁን ገጼ ላይ አንድ መስመር አለ። «የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ባሕር ዳር» ይላል። ያልገመትኩት ነገር፣ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ስጽፍላቸው የሚመልሱልኝ ሰዎች በርክተዋል። ተማሪ ሲጠይቅ ሰው ያስተምራል መሰለኝ። በኪሴ ደግሞ አንዲት ደብተር አለች። አራት የዓሣ አስጋሪዎች ስልክ ተጽፎባታል። ሦስቱን ያስተዋወቁኝ እኚያው «ማን ላከህ?» ያሉኝ ሰው ናቸው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ወረድኩ። አንድ የማላውቀው ወጣት መረብ ይዞ «ማን ላከህ?» አለኝ። ዘንድሮ መልስ አለኝ።

ቸር እንሰንብት።