ተቀምጦ የሚጨፈር

እ.ኤ.አ. በ1992 ሼፊልድ፣ እንግሊዝ የነበረው ዋርፕ ሪከርድስ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የተባለ የሙዚቃ ስብስብ አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሮቦት ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሏል፤ ወለሉ ላይ የፒንክ ፍሎይድና የክራፍትቨርክ አልበሞች ይታያሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ይሄ ቴክኖ የተሠራው ቤት ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ነው።

ክለብ ውስጥ ዲጄው አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው በምቱ ነው፤ ስለዚህ ምቱ እኩል መሄድ አለበት። ለቤት የሚሠራው ይህ ግዴታ የለበትም። ኦቴከርን ስሙ፤ ምቱ ይሰበራል፣ ይዘገያል፣ ዜማው ወደ ፊት ይወጣል።

ጓደኞቼ «ካልተጨፈረበት ምኑን ቴክኖ ሆነ?» ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ሙዚቃ የለመድኩት እናቴን ሳስታምም ነው። ሌሊት አንዱን ጆሮዬን ለማዳመጫው፣ ሌላውን ለትንፋሿ እሰጥ ነበር።

አንድ ቀን ትርፉን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት።

«ይሄ ደግሞ የምን ኳኳታ ነው ልጄ?» አለችኝ።

ማዳመጫውን ግን አላወጣችውም። እስክስታ ድሮም ከትከሻ ነው የሚነሳው፤ መቆምን አይጠይቅም። ትንሽ ቆይቶ፣ ትራሷን እንደተደገፈች፣ ቀኝ ትከሻዋ ምቱን ሲፈልግ አየሁ።