የቮልሱ 40 ሊትር

የአሮጌ መኪና ታንክ መሙላት የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች ጭንቀት ብቻ ሊመስል ይችላል። በአዲስ አበባ ግን ቮልስ የትዝታ ዕቃ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሥራ ያደርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ታማሚ ያመላልሳል። ስለዚህ እዚህ የማነሣው ነገር ከመኪና ፍቅር ይልቅ ለፖሊሲ የቀረበ ነው። መንግሥት የነዳጁን ይዘት፣ ዋጋና አሻሻጥ በለወጠ ቁጥር፣ ትናንት በሕጋዊ መንገድ የተገዛውንና ዛሬም የሚሠራውን ንብረት ማን ያስታውሰዋል?

ጥያቄውን የምመለከተው በሁለት ቮልሶች በኩል ነው። አንዱ እኔ በምኖርበት በጀርመን ያለኝ የ1965 ሞዴል ሲሆን፣ ሌላው አዲስ አበባ የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር አጎቴ የሚነዱት የ1966 ሞዴል ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሁለቱም ታንክ 40 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የታንኩም አፍ የሚገኘው ከፊት ኮፈን ሥር ነው። ከውጭ የሚከፈት ክዳን በ1968 ሞዴል እስኪመጣ ድረስ፣ የቮልስ ባለቤት ቤንዚን ሊቀዳ በመጣ ቁጥር ኮፈኑን መክፈት ነበረበት።

የመጀመሪያው ችግር በዓይን የሚታይ ነው። የዘመኑ የነዳጅ መቅጃ አፍንጫ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ነዳጁ ሲወርድ በዚያች ቀዳዳ አየር ይሳባል፤ ነዳጁ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲሸፍናት የአየሩ መንገድ ይቋረጥና መቅጃው በራሱ ይዘጋል። ይህ ዘዴ የታሰበው ነዳጁ በረጅም ቱቦ ተንሸራቶ ወደ ታንኩ ለሚገባባቸው መኪኖች ነው። የቮልሱ ታንክ አፍ ግን አጭርና ወደ ሰማይ የተከፈተ ነው። ቤንዚኑ ቀጥታ ወርዶ ታንኩን ይመታል፣ አረፋ ይሠራል፣ ወደ ላይ ይረጫል፤ መቅጃውም ታንኩ ገና ሳይጋመስ ሞላ ብሎ ይዘጋል። ቀጂው ቸኩሎ እንደገና ሲጫነው ደግሞ ቤንዚኑ ገንፍሎ በቀለሙ ላይ ይፈስሳል። መፍትሔው አፍንጫውን ዘንበል አድርጎ በቀስታ መቅዳት ነው፤ ከኋላ የተሰለፈ ሰው በማይጮኽበት ቀን ይህ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ችግር ነዳጁ ራሱ ነው። ቮልሶቹ የተሠሩት በቤንዚን ውስጥ እርሳስ በሚጨመርበት ዘመን ነበር። የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ እርሳስን ለማስወገድ ተስማሙ፤ ከሰሃራ በታች ያሉት አገሮች እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ለውጡን ፈጸሙ፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ የነበረ መርዝ ነውና ይህ ከሕዝብ ጤና ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። ቮልሱም አልተጎዳም፤ የሞተሩ እመቃ ዝቅተኛ ነው፣ የቫልቮቹም መቀመጫ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። አሮጌው ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ሁልጊዜ መሠዋት አለበት የሚለውን አስተሳሰብ የሚያርም ምሳሌ ነው።

ኤታኖል ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ለነዳጅ የምታወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀመረች፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ቀጥሎም 10 በመቶ። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ በታንኩ ውስጥ ዝገት ያፋጥናል፣ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ አላቅቆ ወደ ካርቡሬተሩ ይወስዳል። ከሁሉ የሚብሰው የድሮውን የጎማ ቱቦ ማለስለሱና መሰነጣጠቁ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚያደርሰው ቱቦም የካንዴላ ሽቦዎች በሚነሡበት አጠገብ ያልፋል። ቱቦው ቢያንጠባጥብ እሳት ለመነሣት አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። አሮጌ ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ ሞተሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያሸትተው ይህንኑ ነው።

በጀርመንም 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን በ2011 ሲመጣ ብዙ ግርግር ነበር፤ አሽከርካሪዎች የትኛው መኪና ይችለዋል፣ የትኛው አይችለውም ብለው ሸሹት። ነገር ግን ሕጉ አንድ ብልህ አንቀጽ ነበረው። አዲሱን ቅልቅል የሚሸጥ ማደያ ኤታኖሉ ከ5 በመቶ የማይበልጥ ቤንዚንም አብሮ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ይህም ነባር መኪኖችን ለመጠበቅ የተተወ ነው። ከዚህም በላይ 30 ዓመት የሞላውና በሚገባ የተያዘ መኪና የተለየ ሰሌዳ ያገኛል፤ ባለቤቱ በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ቁርጥ ግብር ይከፍላል፣ የአየር ብክለት ገደብ ወዳለባቸው የከተማ ክፍሎችም ይገባል። እኔ እሑድ እሑድ ብቻ የምነዳው መኪና ይህ ሁሉ ከለላ አለው። አጎቴ በየሳምንቱ ለሕይወት ጉዳይ የሚነዱት ግን የለውም። አዲስ አበባ በሄድሁባቸው ጊዜያት በየትኛውም ማደያ ቅልቅሉን ካልተቀላቀለው የሚለይ ጽሑፍ አላየሁም።

ሦስተኛው ችግር ወረፋው ነው። በኢትዮጵያ ነዳጅ የፖለቲካ ትዝታ አለው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ አድማው ለአብዮቱ መንገድ ከከፈቱት ክስተቶች አንዱ ሆነ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የቤንዚንን ዋጋ በፍርሃት ሲነካ ኖሯል፤ ድጎማውም በዚህ ፍርሃት ላይ ቆሞ ነበር። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲቀር ተወሰነ፤ ክፍያውም በቴሌብርና በመሳሰሉት የኤሌክትሮኒክ መንገዶች ሆነ። በመርሕ ደረጃ እደግፈዋለሁ። ጠቅላላ ድጎማ ብዙ ለሚያነድድ ብዙ ይሰጣል፤ መኪና የሌለው ድኻ ለባለመኪናው ሲከፍል መኖር የለበትም።

ነገር ግን ዋጋ መጨመርና አቅርቦት መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አጎቴ ቮልሱን የሚነዱት ባለቤታቸውን፣ እኔ እትዬ የምላቸውን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ለማድረስ ነው። ቤንዚን በጠፋበት አንድ ሳምንት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ተሰለፉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍተው መኪናውን ከሰልፈኞች ጋር እየገፉ ወደ ፊት አስጠጉት። ተራቸው ሊደርስ አራት መኪና ሲቀር ቤንዚኑ አለቀ። በጀሪካን እንዲቀዳላቸው በሌላ ማደያ ቢለምኑ ክልክል ነው ተባሉ። እትዬ በጎረቤት መኪና እጥበቱ ቦታ የደረሱት ሰዓታቸው ካለፈ በኋላ ነበር፤ የዚያን ዕለት የታጠቡት ከተለመደው ሰዓት ባነሰ ነው።

በጀሪካን መሸጥ የተከለከለው ጥቁር ገበያውን ለመግታት ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ቀጣዩን ቤንዚን መቼ እንደሚያገኝ የማያውቅ ሰው ታንኩን መጋዘን ያደርገዋል። አጎቴ የነዳጅ መለኪያው ስለማይታመን ኮፈኑን ከፍተው በእንጨት ይለካሉ፤ ሩብ በጎደለ ቁጥርም ይሰለፋሉ። ጎረቤታቸውም እንዲሁ ያደርጋል። የሁሉም ጥንቃቄ ተደምሮ ወረፋውን ያረዝመዋል። እያንዳንዱ ለራሱ ትክክል ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ግን ማደያው ባዶ ይሆናል። ይህን የሚፈታው ቁጥጥር ሳይሆን የታወቀ የማከፋፈያ ቀን ነው።

በስልክ፣ «ጋሼ፣ ለምን አይሸጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሸጬ ምን ልገዛ?» አሉኝ።

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የመኪና ፖሊሲያችን በሙሉ አለ። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ምጣኔ ጣለ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ከውኃ ኃይል መብራት የምታመነጭና ነዳጇን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ አገር ወደ ኤሌክትሪክ ብታዘነብል ምክንያታዊ ነው። ሆኖም የአዲሱ በር ሲጠብብ የአሮጌው ዋጋ ይወደዳል፤ ማንም አይጥለውም። አሮጌውን ለማስወገድ የታሰበው ሕግ የአሮጌውን ዕድሜ ያራዝማል። ኩባ ለአሥርት ዓመታት ያሳየችን ይህንኑ ነው።

አሮጌ መኪና ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ ስለሌለው አየር ይበክላልና ለምን እንንከባከበው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ምርጫው በቮልስና በኤሌክትሪክ መኪና መካከል ቢሆን ኖሮ አጎቴ መኪናውን ዛሬውኑ ይለውጡ ነበር። ያላቸው ምርጫ ግን ደኅና ቱቦ ባለውና በሚያንጠባጥብ ቮልስ መካከል ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ድጎማ አይደለም። የቤንዚኑ ይዘት ሲለወጥ በማደያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ያልተቀላቀለውን የሚሸጥ ቢያንስ አንድ መቅጃ ይኑር። ኤታኖል የሚቋቋም የነዳጅ ቱቦ ከቀረጥ ነፃ ይግባ፤ ከአንድ የእሳት አደጋ ያነሰ ዋጋ አለው። ቋሚ የሕክምና ቀጠሮ ላላቸው ቤተሰቦች የተወሰነ ማደያና የተወሰነ ሰዓት ይመደብ፤ ክፍያው በስልክ እስከሆነ ድረስ ይህን ማስተዳደር አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም።

ዛሬ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ያረጃሉ። ባትሪያቸው ይደክማል፣ መለዋወጫቸው ይጠፋል፣ የሚሞሉበት መሰኪያም አንድ ቀን በሌላ ዓይነት ይተካል። ያን ጊዜ ባለቤቶቻቸው አሁን ቮልስ የሚነዱት ሰዎች በቆሙበት ቦታ ይቆማሉ፤ የሚጠብቃቸውም ዛሬ ለአሮጌው ንብረት የምንሠራለት፣ ወይም ሳንሠራለት የምንቀረው፣ የሽግግር ሕግ ነው።