ከግቢ ውጭ ለመሥራት፣ ፈቃዱን አስቀድሙ

ከአሶሳና ከአካባቢው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሊመጡ የተዘጋጁ ልጆች ሲደውሉልኝ ከትምህርቱ በፊት የሚጠይቁኝ ስለ ሥራው ነው። «እየተማሩ መሥራት ይቻላል?» ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ቤተሰቡ ሰሊጥና አኩሪ አተር ሸጦ በብር ያጠራቀመውን እሱ በዶላር የሚከፍል ተማሪ ስለ ሥራ ማሰቡ ግድ ነው። ይቻላል፤ ግን መንገዱ ብዙ ነው፣ አንዱም ሌላውን ሊዘጋ ይችላል። በኤፍ-1 ቪዛ ተምሬ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት የግቢ ሥራ ዓመት ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ካፍቴሪያ፣ ላብራቶሪ፣ የተገኘው ሁሉ። ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ደግሞ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ከግቢ ለመውጣት ግን በጥቅሉ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ እዚያው አገር ቤት አሟልታችሁ ተነሡ። «ስደርስ ሠርቼ እከፍላለሁ» በሚል ስሌት ቪዛ የሚይዝ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ይጨነቃል።

የአገር ልጅ ምክርን በፍቅር ስሙ፣ ውሳኔውን ግን ለዲኤስኦው ተዉት። ዲኤስኦ የሚባለው አይ-20 ቅጻችሁን የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሚመክሯችሁ ጋሼዎችና እትዬዎች ብዙዎቹ የመጡት በዲቪ ወይም በጥገኝነት ነው፤ የእነሱ የሥራ መብት ከተማሪ መብት ጋር አንድ አይደለም። ኡበር መንዳት ለእነሱ እንጀራ ነው፣ ለኤፍ-1 ተማሪ ግን ያለ ፈቃድ መሥራት ይሆናል። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የምግብ ቤት ሥራም እንዲሁ ነው። ሌላ ጥፋት ያጠፋ ተማሪ ሁኔታው እንዲስተካከልለት ሊያመለክት ይችላል፤ ያለ ፈቃድ የሠራ ግን ይህ በር ይዘጋበታል። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ጎበዝ ልጆች በዚህ ሰበብ ትምህርታቸው ሲቋረጥ ስላየሁ ነው።

ሲፒቲ የትምህርቱ አካል የሆነ የሥራ ልምምድ ነው። ዲኤስኦው ራሱ ይፈቅደዋል፤ ቀጣሪውና ቀኑ አይ-20 ላይ ይጻፋል፤ ለኢሚግሬሽን የሚከፈል የለም። ቅልጥፍናው ያጓጓል፤ ነገር ግን በሙሉ ሰዓት 12 ወር የሞላው ሰው በዚያ የዲግሪ ደረጃ ቀጥዬ የማነሣውን ኦፒቲ አያገኝም። እኔ በከፊል ሰዓት ብቻ መውሰድን መረጥኩ፣ ለሌሎችም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ኦፒቲ የተባለው የሥራ ፈቃድ በተማሩበት ሙያ 12 ወር ያሠራል። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ለተመረቀ 24 ወር ሊጨመር ይችላል፤ ለዚህ ግን ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት። ማመልከቻው ትምህርቱ ከሚያልቅበት 90 ቀን ቀድሞ ሊገባ ይችላልና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አስገቡት። ሥራው ከተፈቀደ በኋላ ያለ ሥራ የምትቆዩባቸው ቀናት ተደምረው ከ90 መብለጥ የለባቸውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ ያልታሰበ የኑሮ ችግር የሚባለው ነው፣ ለእኛ አገር ልጅ ደግሞ ዋናው ይኸው ይመስለኛል። ሕጉ ከተማሪው ቁጥጥር ውጭ ከሆኑ ምክንያቶች መካከል የምንዛሪ ለውጥን በግልጽ ይጠቅሳል። የገንዘብ ድጋፍ መቋረጥ፣ የክፍያ መናር፣ የደጋፊ ቤተሰብ አቅም መለወጥ፣ የሕክምና ዕዳም አሉበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። 1000 ዶላር ለመላክ 57 ሺህ ብር ይበቃው የነበረው አባቴ ከ100 ሺህ በላይ ማዋጣት ግድ ሆነበት። የሚሸጠው እህል ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት አልጨመረም። ያመለከትኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃዱ ሲገኝ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ያሠራል፤ ሥራው ከሙያችሁ ጋር መያያዝ የለበትም፣ የኦፒቲ ጊዜያችሁንም አይነካም። የሚሰጠው ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል። ትምህርት ቤት ከቀየራችሁ ያበቃል። አይ-765 የተባለው ቅጽ ክፍያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረቀት 520፣ በኢንተርኔት 470 ዶላር ሆኗል፤ ለተቸገረ ተማሪ ቀላል አይደለምና አስቀድማችሁ ቆጥቡ። የግቢው ሥራ እንደማይበቃም ማሳየት አለባችሁ።

የኢሚግሬሽኑን መርማሪ የሚያሳምነው ማስረጃ ነው። የባንክ ምንዛሪ ተመን ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ የአባት ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫ፣ የዩኒቨርሲቲው የክፍያ ደረሰኝ፣ ሁሉንም አንድ ገጽ በማይሞላ ደብዳቤ አያይዙት። ይሁንና ዛሬ ለሚመጣ ተማሪ የ2016ቱ ለውጥ ያልታሰበ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የተማሪነት ቪዛውን ከያዛችሁ በኋላ የደረሰ መሆን አለበት።

በአገራችን ቀውስ ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ልዩ ማቅለያም ነበር። ብዙ ወገን በእሱ ከ20 ሰዓት በላይ መሥራትና ያነሰ ክሬዲት መውሰድ ችሏል። ጊዜው ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ አንድ የቀደመ ተማሪ «እኔ እንዲህ ሠርቻለሁ» ሲላችሁ በየትኛው ፈቃድና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቁት።

ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ለምታስቡም፣ ካናዳ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ጊዜ ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ትፈቅዳለች፤ ጀርመን ደግሞ በዓመት 140 ሙሉ ቀን። ከማመልከታችሁ በፊት የሥራ ሕጉን ከትምህርት ክፍያው ጎን አስቀምጣችሁ አመዛዝኑ።

የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ለአሶሳ ልጅ እንግዳ አይደለም። በሸርቆሌና በባምባሲ መጠለያዎች የሚኖሩ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን የመሥራት መብት የተደነገገላቸው በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው፤ መብት በወረቀት መኖሩና ወረቀቱ በእጅ መግባቱ የተለያየ መሆኑን ከእነሱ ማየት ይቻላል። እናንተም የሥራ ፈቃድ ካርዱን ስትቀበሉ በመጀመሪያ የምታዩት የሚጀምርበትን ቀን ይሁን። ቀጣሪው «ነገ ና» ቢልም፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሳይደርስ ሥልጠናም ቢሆን አትጀምሩ።