የናፍጣው ሒሳብ

ታናሽ ወንድሜ ፒካፑን የገዛው በ2014 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመት በሹፌርነት ተቀጥሮ ያጠራቀመውን ገንዘብ፥ እናታችን ሁለት በሬዎቿን ሸጣ የሰጠችውንና ከእኔ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ፥ አካሏ ያረጀ ሞተሯ ግን ጤነኛ የሆነ የአንዲት ደብል ጋቢና ፒካፕ ባለቤት ሆነ። ሥራው ከጎንደር ሳሙና፥ ዘይትና ጨው ጭኖ ወደ ደባርቅ መውጣት፥ ሲመለስም ከደባርቅና ከዳባት ድንች ጭኖ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ማራገፍ ነው። የአንዱ ጉዞ ርዝመት አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ጊዜው ግን ለነዳጅ ገዢ የሚመች አልነበረም። መንግሥት ለነዳጅ ይሰጠው የነበረውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር፥ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ ዋጋ በአዲስ አበባ 49 ብር ከ02 ሣንቲም ገባ። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ 67 ብር ከ30 ሣንቲም ሆነ። በጎንደር የማጓጓዣው ሒሳብ ስለሚታከልበት ከዚያም ይበልጣል። የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ድጎማው ለጊዜው ቢቀጥልላቸውም፥ ድንች የምትጭን ፒካፕ ከእነርሱ ቁጥር አልገባችም። ነዳጅ ሲወደድ በአገራችን ብዙ ነገር ይንቀሳቀሳል። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት ወር ሥራ አቁመው ነበር፤ የዚያ ዓመት ነገር በዚያ እንዳላበቃ የታሪክ መምህራችሁ ይነግሯችኋል። ወንድሜ ግን ሥራ ሊያቆም አይችልም፤ ዕዳ አለበት፤ ከአበዳሪዎቹም አንዱ እኔ ነኝ።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ሰው የሁለት ክብሪት ቀፎ ያህል መጠን ያላት ጥቁር ሳጥን አመጣለት። ሻጩ «ቺፕ» ይላታል፤ እኛ ቤት ስሟ «ሳጥኗ» ሆኖ ቀረ። ከሞተሩ ሽቦ ጋር ስትያያዝ ጉልበት ትጨምራለች፥ ከአምስት ሊትርም አንዱን ታተርፋለች ተባለ። ዋጋዋ የእኔን የወር ደመወዝ ያህል ነበር። ወንድሜ አማከረኝ፤ እኔም «ግዛት» አልሁት። አሁን ሳስበው፥ ስለ ሞተር አንዳች ሳላውቅ በዚያ ድፍረት የመከርሁት ያበደርሁት ገንዘብ ቶሎ የሚመለስ መስሎኝ ነው።

በየካቲት ወር ለዘጠነኛ ክፍል ያዘጋጀናቸውን መልመጃዎች በዳባትና በደባርቅ ትምህርት ቤቶች መሞከር ስለነበረብኝ፥ በየሳምንቱ ከእርሱ ጋር እሳፈር ጀመር። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት ወር በፕሪቶሪያው ስምምነት ካበቃ ወራት አልፈው ስለነበር መንገዱ ላይ የጭነት መኪና በዝቷል። ዐቢይ ጾም ስለገባም ድንች ይፈለግ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ ተለውጣለች። ከጎንደር ወጥተን ኮሶዬ ዳገት ላይ ስንደርስ ቀድሞ ሁለተኛ ማርሽ ትለምን የነበረችው በሦስተኛው ትወጣለች። ወንድሜ እየሣቀ፥

«ጋሼ፥ ሰሙልኝ? አታቃስትም እኮ!» አለኝ።

ሰማሁ። ግን በጎን መስተዋቱ ሌላም ነገር አየሁ። ከኋላችን ጥቁር ጭስ እንደ ጥላ ተዘርግቷል። እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወደ ገደሉ ዳር ተጠጋች። ከኋላዋ የምትከተለው ልጅ ደግሞ ጭሱ ውስጥ ጠፍታ ቆይታ ብቅ አለች። የዚያን ዕለት ምንም አልተናገርሁም።

ጭሱ ከየት እንደ መጣ በኋላ ተረዳሁ። የናፍጣ ሞተር አየርን በኀይል ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የተረጨው ሁሉ እንዲነድ ግን በቂ አየር ይሻል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ጎንደር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 77 እጅ ያህል ብቻ ነው። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ፥ ወደ 3,000 ሜትር ስንጠጋ፥ ወደ 70 እጅ ይወርዳል። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኀይል እየዞረ ተጨማሪ አየር ስለሚገፋ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ሆኖም ሞተሩ ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ቱርቦውም ገና አልነቃም። በዚያች ሰዓት የሚጨመር ናፍጣ አየር አጥቶ በጭስ መልክ ይወጣል። የተገዛበት ገንዘብም አብሮት ይሄዳል።

ወንድሜ ግን ማስረጃ ነበረው። በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ መኪናዋ ለመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደ ፈጀች የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሳጥኗ ከመምጣቷ በፊት 12.1 ይል ነበር፤ አሁን 10.1 ይላል። በደርሶ መልስ አራት ሊትር ተረፈ ማለት ነው። ሊትሩን በ70 ብር ብናስበው 280 ብር ይሆናል። ይህን ተማምኖ ለድንች ነጋዴዎቹ የማጓጓዣውን ዋጋ በየጉዞው 250 ብር ቀንሶላቸዋል፤ ተወዳዳሪ በዝቶ ነበርና ደንበኞቹን ለማቆየት ፈልጎ ነው። ይህን ሲነግረኝ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ይህን ያህል ከተረፈ፥ ማደያ ላይ የሚከፍለው ገንዘብ ለምን አልቀነሰም?

የሰዋስው መምህር የነበረ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ እንዲታረም ይቃጣዋል። ስለዚህ የሰሌዳውን ቁጥር ላርም አንድ ደብተር ያዝሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ እናንተም ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ታንከሩን እስከ አፉ ያስሞሏል፤ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጽፏል፤ ደርሰው ሲመለሱ በዚያው ማደያ፥ በዚያው መቅጃ ዳግመኛ እስከ አፉ ያስሞሏል። የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው። የሚያስቸግረው ሰልፉ ነበር፤ ለአንዲት ልኬት ሁለት ሰዓት የቆምንበት ቀን አለ። ሦስት ጉዞ ለካን። ሰሌዳው 10.1 ባለበት መንገድ የታንከሩ ሒሳብ 13.2 ሆነ።

«የማደያው መቅጃ ያጭበረብር ይሆናል» አለ ወንድሜ። ሌላ ማደያ ሞከርን፤ ያው ነው።

ነገሩን የፈታልን አዘዞ አጠገብ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው። እዚህ ላይ ከጉዳዬ ጥቂት ልውጣ። የእኒያ ሰው ንግግር ለቋንቋ ሰው ግብዣ ነው፤ ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ፊልትሮ፥ ፖምፓ ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሊማሊሞን መንገድ ያስቀደደው ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሏቸው ሄደ፤ እኛም እንደ ራሳችን አድርገን እንናገራቸዋለን።

መካኒኩ ሳጥኗን አገላብጠው አዩና፥ «ይህች ሞተሩን አትመክረውም፤ ትዋሸዋለች እንጂ» አሉ። አስረዱንም። ናፍጣው ከመረጨቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የለካውን ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያ ተመሥርቶ የሚረጨውን ናፍጣ ያዛል። ሳጥኗ የምትገባው በሁለቱ መካከል ነው። ግፊቱ ከእውነተኛው ያነሰ አስመስላ ታቀብላለች። ኮምፒዩተሩ «አነሰ» ብሎ ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ ናፍጣው በዝቶ ይረጫል፤ ጉልበትም ይጨመራል። የሰሌዳው ቁጥር የሚሰላው ግን ኮምፒዩተሩ ረጨሁ ብሎ ከሚያስበው ነው። እርሱ የሚያስበው ደግሞ የተነገረውን ነው።

«እኛም በጥንቱ ጊዜ የፖምፓውን ብሎን ከፈት እያደረግን ይህንኑ እንሠራ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያን ጊዜ ግን የሚዋሽ ሰሌዳ አልነበረም። ባለቤቱ ጭሱን አይቶ ያውቅ ነበር።»

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በልዩ ልዩ ዘመን ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ የሚበልጡ መሣሪያዎችን መርምሮ፥ መጠነኛ ጥቅም ያሳዩት እጅግ ጥቂቶች ሆነው አግኝቷቸዋል።

ከአዘዞ ስንመለስ ወንድሜ መሪውን ይዞ ዝም አለ። ፒያሳ ስንደርስ መኪናዋን አቆመና ወደ እኔ ሳይመለከት፥

«ጋሼ፥ ብድርዎን ፈልገው ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። ደብተር መያዝ ለምን አስፈለገ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሳጥኗን ግዛ ያልሁት ለብድሬ ብዬ ከሆነ፥ ደብተሩንስ ለምን እንደ ያዝሁ በምን አስረዳዋለሁ? «ሳጥኗን ሁለት ሳምንት ንቀላትና እንለካ። ከተሳሳትሁ ብድሩ ይቅር» አልሁት። ይህን ስል እጄ ላብ አውጥቶ ነበር።

ነቀላት። በዚያው ጭነት፥ በዚያው አነዳድ ታንከሩ 12.5 አለ፤ ሰሌዳውም ወደ 12.1 ተመለሰ። ሳጥኗ ለመቶ ኪሎ ሜትር ሰባት ዐሥረኛ ሊትር ትጨምር ነበር እንጂ አትቀንስም። የቀረውን ሒሳብ የሠራው ራሱ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በእኔ እስክሪብቶ። በአንድ ደርሶ መልስ 98 ብር ትርፍ ናፍጣና ለነጋዴዎቹ የተቀነሰው 250፥ በድምሩ 348 ብር። በሳምንት ሦስት ጉዞ ስለሚያደርግ ከ1,000 ብር በላይ ከኪሱ እየከፈለ የሰው ድንች ያመላልስ ነበር። እስክሪብቶውን መለሰልኝና ተነሥቶ የጎማዎቹን ነፋስ ይመለከት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ምን ሊቀነስ እንደሚችል ተነጋገርን። ዳገቱ ራሱ ግብር አለው። ከነጭነቷ ሦስት ቶን የምትመዝን መኪና ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ትጨምራለች። ሞተሩ ከሚያቃጥለው ናፍጣ ሲሶውን ወደ ሥራ ይለውጣል ብለን ብናስብ፥ ያን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ሁለት ሊትር ገደማ ይፈጃል። ይህን ግብር የትኛዋም ሳጥን አታስቀርም። የሚቀነሰው ከቀሪው ነው። ወንድሜ ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ይጠቀም ነበር። እንዲህ ያለው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሞተር ግን ማርሽ ገብቶ ሳለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ መርጨቱን ያቆማል፤ በዜሮ ማርሽ ግን እንዳይጠፋ መርጨት አለበት። ከዚህም በላይ ሞተሩ ካልያዛት መኪናዋ ፍሬን ላይ ብቻ ትንጠለጠላለች። ይህን ልማድ ተወ፤ ዳገቱንም ሳይጣደፍ መውጣት ጀመረ። ልኬቱ 11.2 ሆነ። ዳባት የሚደርስበት ጊዜ በሩብ ሰዓት ዘገየ።

ከሁሉ የከበደው ነጋዴዎቹን ማነጋገር ነበር። «ተሳስቼ ነው የቀነስሁት፤ ቀድሞ ወደ ነበረው እንመልሰው በላቸው» አልሁት።

«እስከ ፋሲካ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እስከ ፋሲካ እጭናለሁ» አለ።

ጫነም። ሚያዝያ 8 ቀን ፋሲካ እስኪውል ድረስ በየጉዞው 250 ብሩን ተወላቸው። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ሲመልስ ከደንበኞቹ አንዱ ተለየው፤ ሌሎቹ ቆዩ። የእኔን ብድር ከፍሎ የጨረሰው ናፍጣ በአዲስ አበባ 98 ብር ከ98 ሣንቲም በገባበት በ2017 ዓ.ም. ነው።

ደብተሩ አሁን የእርሱ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ከመሳቢያው አይጠፋም። ጽሕፈቱ ቢጣመምም ቁጥሩ አይሳሳትም። ሳጥኗም እዚያው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ አብሬው ሳለሁ አንድ የዳባት ሹፌር መጥቶ «ሽጥልኝ» አለው። ወንድሜ ዋጋ አልጠራም፤ ደብተሩን አውጥቶ የየካቲትን ገጽ ገለጠለት። ሰውየው ቆሞ ረዘም ላለ ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ የማደያው መቅጃ የትኛው እንደ ነበረ ጠየቀ።