ከሲያትል ዳርቻ ወደ ባሕሩ ወለል

ከዳርቻ መጥለቅ የሚባለው፣ ጠላቂው ጀልባ ሳያስፈልገው መኪናውን ባቆመበት የባሕር ዳር ልብሱን ለብሶ፣ የታመቀ አየር የያዘውን ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፣ በእግሩ እየተራመደ ወደ ውኃው የሚገባበትና በዚያው መንገድ የሚመለስበት የባሕር ውስጥ ጉዞ ነው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የምትገኘው ሲያትል ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከተመቹት ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት፤ ምክንያቱም ከተማዋ የተቆረቆረችበት ፒዩጀት ሳውንድ የተባለው ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ባሕር፣ በጥንት ዘመን ከሰሜን የወረደ የበረዶ ግግር እየፋቀ የቦረቦረው ስለሆነ፣ ወለሉ በአንዳንድ ስፍራ ወደ 280 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳርቻውም በብዙ ቦታ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል። በሌላ ከተማ የጀልባ ኪራይና ግማሽ ቀን የሚጠይቀው ጥልቀት እዚህ ከአውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ይገኛል።

ከከተማዋ መኻል ወደ ምዕራብ ሲያትል የሚሻገረው የውኃ ታክሲ መንገደኞቹን የሚያወርደው ሲክረስት በተባለው መናፈሻ ነው። የምዕራብ ሲያትል ታላቁ ድልድይ ተሰንጥቆ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በተዘጋበት ጊዜ ለሰፈሩ ነዋሪ ዋነኛ መሻገሪያ ከሆኑት መካከል ይኸው ታክሲ ይገኝበታል። ከመናፈሻው ሦስት ትንንሽ ወሽመጦች ውስጥ ጠላቂዎች የሚያዘወትሩት «ኮቭ ቱ» የሚሉትን ሁለተኛውን ሲሆን፣ የባሕሩ ጅረት በዚያ ረገብ ያለ መሆኑ ጀማሪውንም ልምድ ያለውንም ወደ አንድ ስፍራ ያመጣቸዋል። በደቡብ ሲያትል፣ ሬኒየር ሸለቆ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የአልካይ ዳርቻ የሚያውቁት በአብዛኛው በመንሸራሸሪያነቱ ነው፤ የውኃው ቅዝቃዜ ሲታሰብ ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ቅዝቃዜው በእርግጥ ቀላል ነገር አይደለም። በምጽዋና በዳህላክ ዙሪያ ያለውን ሞቃት ቀይ ባሕር የሚያውቅ ጠላቂ እዚህ የሚያገኘው ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚዋልል ውኃ ስለሆነ፣ የአካባቢው ሰው የሚለብሰው ውኃ አስገብቶ በሰውነት ሙቀት የሚያሞቀውን ዌት ሱት ሳይሆን፣ ከአንገትና ከእጅ አንጓ ላይ ተጣብቆ ውኃ ፈጽሞ የማያስገባውን፣ ከሥሩም ወፍራም ልብስ የሚደረብበትን ድራይ ሱት ነው። ይህ ልብስ አየር ስለሚይዝ ጠላቂውን ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ለመስጠም ደግሞ በወገቡ እርሳስ መታጠቅ አለበት፤ እርሳሱ ከሲሊንደሩና ከቀረው ዕቃ ጋር ሲደመር ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ ሸክም ይዞ ደረጃ መውረድና በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ መራመድ የግድ ይሆንበታል። ከጉዞው ሁሉ አድካሚው ክፍል ይህ የመጀመሪያው የጥቂት ሜትር መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የሚቀየረው ክብደቱ ብቻ አይደለም። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ በምድር ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ግፊት ስለሚጨመር፣ 20 ሜትር ላይ የደረሰ ሰው ከላይ ከሚተነፍሰው ሦስት እጥፍ አየር ይፈጃል፤ በግፊት ምክንያት በደሙ ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅንም ቀስ ብሎ እንዲወጣ፣ ሲመለስ በዝግታ መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ያህል መቆየት የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ከጀልባ የወረደ ሰው ይህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ በባዶ ውኃ መካከል ተንጠልጥሎ ያሳልፈዋል፤ ከዳርቻ የገባው ግን ተዳፋቱን ተከትሎ እየወጣ ቆይታውን በአለቶችና በምሰሶዎች መካከል የሚታየውን ሲመለከት ይፈጽመዋል። በዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ግምት የዳርቻ ጉዞ ትልቁ ብልጫ ወጪው ማነሱ ሳይሆን ይኸው ነው።

የሲክረስት ወለል አሸዋና ደለል ነው። በላዩ ላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር ከከተማው የወረደ ሲሆን፣ የብረት አግዳሚዎች፣ የአሮጌ ወደብ ግንዶች፣ «ሃኒ ቤር» የተባለች የሰጠመች ትንሽ ጀልባና ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ በየቦታው ተኝተዋል። አለት በጎደለበት ሜዳ ላይ ግን ይህ ፍርስራሽ የሚያጣብቀው ገጽና የሚያስጠልለው ጉድጓድ ስላለው፣ ነጫጭ አኔሞኖች፣ ማለትም አበባ የሚመስሉ ነገር ግን በመርዛማ ቀንበጦቻቸው ምግብ የሚይዙ እንስሳት፣ ብረቱን ሸፍነውታል። ከአግዳሚው ሥር የሸርጣን ቅርፊት ተከምሮ ከታየ የግዙፉ የሰላማዊ ውቅያኖስ ኦክቶፐስ መኖሪያ ተገኘ ማለት ነው፤ ሴት ከቤቷ ጠርጋ አመድ ከደጅ እንደምትደፋ፣ እርሱም የበላውን ትርፍ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይጥለዋልና። ውኃ ቀዩን ብርሃን አስቀድሞ ስለሚውጥ እንስሳው መጀመሪያ ግራጫ ድንጋይ ይመስላል፤ የእጅ ባትሪ ሲበራበት ግን ቆዳው የሸክላ ቀለም ይሆንና በክንዱ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩት ነጫጭ መምጠጫዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ሴቲቱ በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎቿን ከጉድጓዱ ጣሪያ ላይ አንጠልጥላ ለወራት ሳትበላ ውኃ እየነፋችባቸው ትጠብቃለች፤ ሲፈለፈሉም ትሞታለች።

እ.ኤ.አ. በ2012 መኸር አንድ ወጣት ጠላቂ ከዚሁ ስፍራ አንድ ኦክቶፐስ ይዞ ወጣ። የአሳ ማጥመድ ፈቃድ ያለው ሰው በቀን አንድ መያዝ ይችል ስለነበር ሕግ አልተላለፈም፤ ነገር ግን እንስሳውን በየሳምንቱ ሲመለከቱ የኖሩት ሌሎች ጠላቂዎች ከባሕሩ ዳር ተቃወሙት፤ ጉዳዩም ከከተማው አልፎ በሰፊው ተወራ። በሚቀጥለው ዓመት የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ሲክረስትን ጨምሮ ጠላቂዎች በሚያዘወትሩባቸው ሰባት ስፍራዎች ይህን ኦክቶፐስ መያዝ ከለከለ። ክልከላው በመላው ባሕር ላይ አለመዘርጋቱ እንስሳው ሊጠፋ ተቃርቧል ከሚል ሥጋት እንዳልመነጨ ያሳያል፤ የተጠበቀው ሰው ወርዶ የሚያየው ኦክቶፐስ ነው። ማስረጃ የሚሰጥ ዓይን በሌለበት ወለል ላይ ተመሳሳይ ሕግ ይወጣ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም ተገቢ ነው።

የጠላቂዎቹ ዓይን ክልከላው ከወጣበት ዓመት ጀምሮ ሌላም ነገር መዝግቧል፤ የባሕር ኮከቦች ክንዳቸው እየተቆረጠ፣ አካላቸው እየሟሸሸ በብዛት አለቁ፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳውም እስከ 24 ክንድ ያለው ትልቁ የሱፍ አበባ ኮከብ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች መንስኤው አንድ የቪብሪዮ ዝርያ ባክቴሪያ መሆኑን የገለጹት በ2025 ነው።

ከሲያትል በስተ ሰሜን የምትገኘው ኤድመንድስ ከተማ ግን ጥበቃውን የጀመረችው ከዚህ ብዙ ቀደም ብላ ነው። የመኪና ማጓጓዣ መርከቡ ወደ ኪንግስተን ከሚነሣበት ወደብ ጎን ያለውን ወለል በ1970 የባሕር ውስጥ መናፈሻ አድርጋ ከማንኛውም አጥማጅ ከለከለችው፤ በ1935 በዚያ ከሰጠመው አሮጌ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በተጨማሪ በጎ ፈቃደኞች ለዓሣ መጠለያ የሚሆኑ ነገሮችን አስቀምጠው፣ ጠላቂው እንዳይጠፋም በወለሉ ላይ ገመድ ዘርግተው መንገድ አበጁለት። ጥልቀቱ በአብዛኛው ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ አየር ይበረክታል፤ የዓሣውም መጠን ከሌላው ዳርቻ ይልቃል። በክረምት ወራት ሊንግኮድ የተባለው ትልቅ ዓሣ ወንዱ፣ ሴቲቱ ጥላቸው የሄደችውን እንቁላሎች ከፊታቸው ቆሞ ሲጠብቅ ይታያል፤ ወቅቱም የተመቸ ነው፤ በጸደይና በበጋ ፀሐይ የምታበዛቸው ፕላንክተን የተባሉ በዓይን የማይለዩ ተንሳፋፊ ሕያዋን ውኃውን አረንጓዴ አድርገው እይታን ወደ ጥቂት ሜትር ሲያሳጥሩት፣ ክረምቱ ያጠራዋል። የመርከቡ ሞተር ሲነሣ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የሰሙት ይመስላቸዋል፤ ወደ መርከቡ መስመር መግባትም የተከለከለ ስለሆነ፣ ጠላቂው ርቀቱን የሚጠብቀው በጆሮው ሳይሆን በኮምፓሱና በገመዱ ነው።