ጎማ ላይ የጻፍኩት

የግድግዳ ጋዜጣችን ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች «ወደ ማሠልጠኛው ከመምጣትህ በፊት ስለሠራኸው ሥራ ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። አብዛኞቻችሁ ቡና ለቅማችኋል፣ ሱቅ ጠብቃችኋል፣ ወይም የጎረቤት ልጅ አስጠንታችኋል። እኔ ግን የባጃጅ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም ፊደል ስጽፍ የከረምኩ ሰው ነኝ። ይህም ሥራ ሆኖ ነው ወይ የሚል ካለ ሰቃ ድረስ መጥቶ ይመልከት።

ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተሄዶ የሚገኝ የቡና አገር ነው። በቡና ወራት አይሱዙው ጀንፈል ጭኖ፣ ባጃጁ ሰው ጭኖ ሲመላለስ ጎማ ይፈነዳል፤ ጎማ በፈነዳ ቁጥር ደግሞ የሚጠቀመው ጎሚስታው ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ጎሚስታ ነው። እኔም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ክረምት ክረምቱን እሱ ዘንድ ነበርኩ። መጀመሪያ ሥራዬ ከመነዳሪውን ነፍቶ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከሩ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ መፈለግ ነበር። (ለቋንቋ መምህራችን ያህል፦ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ስኮርታ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ።)

ጽሕፈቱ የተጀመረው በአንድ ባለባጃጅ ነው። በስልኩ የአሜሪካ መኪና አሳየኝና «እጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው ይባላል፤ እንዲህ አድርግልኝ» አለኝ። ያሳየኝ ሆት ሮድ የሚሉትን ነው። የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ ኮፈኑን እየነቀሉ፣ ሞተሩን እያጎለበቱ መሽቀዳደም ከጀመሩ 80 ዓመት አልፏቸዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ እነጉድይርና ፋየርስቶን ስማቸው በጉልህ ነጭ ፊደል የወጣበት ጎማ መሥራት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ፊደል የሌለበት ጎማ የገዛ ሰው ራሱ እየቀባ ያስመስላል። እንግዲህ የሰቃው ባለባጃጅ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የፋብሪካው ነጭ ፊደል ቀለም ሳይሆን ነጭ ላስቲክ ነው፤ ከጥቁሩ ሥር ይቀበርና ላዩ ተፍቆ ይወጣል። ላስቲክ ሲፈጠር ጥቁር አይደለም፤ የሚያጠቁረው ከጥላሸት ጋር የሚመሳሰል የካርቦን ዱቄት ነው፤ እሱም የሚጨመረው ለመልክ ሳይሆን ለጥንካሬ ነው። እኔ ያለኝ ግን የበር ዘይት ቀለም ብቻ። በመጀመሪያው ጎማ ላይ ቀለሙን ወፈር አድርጌ ለቀለቅሁትና በሳምንቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። የጎማ ጎን ባንድ ዙር አንዴ ይታጠፋል፤ የበር ቀለም ደግሞ መታጠፍ አያውቅም። በሁለተኛው ላይ ቀጭን አድርጌ ብቀባ ቀለሙ ያዘ፤ ነገር ግን ወደ ቡናማነት ተለወጠ። ለካ ላስቲኩን ከፀሐይና ከአየር እንዲጠብቀው ሰምና ሌላ መድኃኒት ፋብሪካው ውስጥ ይጨመርበታል፤ ይህም ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በኦሞ ማጠብ፣ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ መወልወል፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በአኳራጃ የቀጠነ ቀለም ሁለት ጊዜ መቀባት ያስፈልጋል። ጉብ ብለው ለወጡት የፋብሪካ ፊደሎች ደግሞ ብሩሽ አያሻም፤ የተቆረጠ ከመነዳሪ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልዬ፣ ቀለም አስነክቼ እንደ ማኅተም ስጫነው ፊደሉ ብቻ ይነጣል። ይህ የራሴ ፈጠራ ስለሆነ ትንሽ እንድኮራበት ፍቀዱልኝ።

ለአንድ ጎማ 30 ብር አስከፍል ነበር። አንዱ የልጁን ስም፣ አንዱ «ማሻአላህ»፣ አንዱ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። በቁቤም በፊደልም እጽፋለሁ። የእኛ ፊደል በክብ ላይ ያስቸግራል፤ የ«ማ» እግር ወዴት እንደሚታጠፍ ካላወቁ የተንጋደደ ይሆናል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ መስመር ሳላሰምር ቀጥ አድርጌ ስጽፍ የምታደንቁኝ ጓደኞቼ፣ ያን የተማርኩት እዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ጎማ ስም ብቻ አይደለም የተጻፈበት። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ይላል፤ 4 ኢንች ስፋቱ፣ 8 ኢንች የቸርኬው ዲያሜትር ነው። የመሸከም አቅሙም ተጽፏል። ከዚያ ደግሞ ማንም ልብ የማይለው፣ ጥቁር በጥቁር ላይ የተጻፈ አራት አኃዝ አለ። አጎቴ «የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው» ብሎ አስተምሮኛል። እሱ የሚያውቀው ይህን ያህል ነበር፤ ለኔም በቂ መሰለኝ።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አንድ ሰው ባጃጁን ሊሸጥ ፈልጎ ሦስቱንም ጎማ እንዳሳምርለት አመጣው። የኋላዎቹ ያገለገሉ ናቸው። የፊቱ ግን ስኮርታ ሆኖ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ነው፤ ጥርሱ ጭራሽ አልተነካም። አጥቤ ስወለውለው በፊደሎቹ ግርጌ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አየሁ። ቀለሙ ደህና አድርጎ ሸፈናቸው። ገዢው እዚያው ቆሞ ነበር፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አግብቶ አንድ ልጅ ወልዷል። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ መቼ እንደተሠራ አንብብልኝ» አለኝ። በርከክ ብዬ አየሁት፤ 3514 ይላል። «አሥራ አራት! የ2014 ነው፤ ገና አንድ ዓመቱ ነው» አልኩት። ሠላሳ አምስቱ ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልጠየቀ። ሂሳቡን ከፈለና ወሰደው።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በገበያ ቀን፣ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ፈነዳና ባጃጁ በጎኑ ተኛ። ባጃጅ ሦስት እግር ነው፤ የፊቱ ከሄደ ምንም የለውም። ልጁ ተፋፍቆ ተረፈ። ከኋላ ተሳፍረው የነበሩት፣ ሙዝና አቮካዶ የሚሸጡ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ሴት ግን የትከሻ አጥንታቸው ተሰብሮ ጅማ ተወሰዱ። ዳኑ፤ ሸክም ግን እምቢ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ቅርጫቱን የምትሸከመው ልጃቸው ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ፍሬን ነው» አለ። ባለፈው ሳምንት ፍሬኑን አሠርቶ ነበርና ነገሩ እውነት መሰለ። እኔም «ፍሬን ነው» ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም. ማለት ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ዘመን አቆጣጠር ስንማር መምህራችን የኤውሮፓን ቀን ወደ እኛ እንድንለውጥ መልመጃ ሰጡን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት እየቀነስን ስንሠራ እጄ ቆመ። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ ያለው ሕንድ አገር ነው። ሕንድ የእኛን ዘመን አይቆጥርም። ደብተሬ ጠርዝ ላይ 3514 ብዬ ጻፍኩ። 35 ሳምንቱ ነው፣ 14 ዓመቱ፤ የ2014 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት ማለት የነሐሴ መጨረሻ ነው። የእኛ ነሐሴ 2006! ጎማው ሲፈነዳ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። መልመጃውን ሳልጨርስ አስረከብኩ። መምህራችን ለምን እንደሆነ ይኸው ዛሬ ያውቃሉ።

ለአጎቴ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ «ላስቲክ እንደ እንጀራ ነው፤ ባይበሉትም ይደርቃል» አለ። ከዚያ መንገዱም መጥፎ እንደነበረ፣ ባጃጁም አምስት ሰው ጭኖ እንደነበረ ጨመረልኝ። እውነቱን ነው፤ ጭነትም ጎማ ያፈነዳል። ሊያጽናናኝ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። እነዚያን ስንጥቆች ያየሁት እኔ ነኝ።

ለባለባጃጁ ለመንገር አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ዘንድሮ በየካቲት ዕረፍት ሄጄ ከቤቱ ደጃፍ አገኘሁት። አሥራ አራቱን፣ ስንጥቁን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ወይም ይመታኛል ብዬ ነበር። ቁልፉን በጣቱ ላይ እያዞረ ቆየና «እኔ እኮ ፍሬን መስሎኝ ነበር» አለ። «መካኒኩን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም። አባቱ ሲሞት እንኳ ለቅሶ አልደረስኩም።» ይህን ብሎ ተነሣና ወደ መካኒኩ ሠፈር አቅጣጫ ሄደ። ልከተለው አልደፈርኩም።

አሁንም በዕረፍት ስመለስ ጎማ እጽፋለሁ፤ ለደብተርና ለሳሙና ይሆነኛል። ነገር ግን ከማንኛውም ጽሑፍ በፊት አራቱን አኃዝ አነጣቸዋለሁ፤ ጎናቸውም በእኛ አቆጣጠር ዓመቱን እጽፋለሁ። ለዚህኛው ገንዘብ አልቀበልም። ደንበኞች አይወዱትም። አንዱማ «ምንድነው ይኼ፣ የስልክ ቁጥርህ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ። አሮጌ ጎማ ያለው ሰው ደግሞ በቤንዚን እያጠፋ ይሄዳል፤ አይቻለሁ።

ለአዴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። በየካቲት ሄጄ ነበር። በቀኝ እጃቸው ብቻ ቡና ቆልተው፣ አፍልተው «መምህር ሊሆን ነው ልጃችን» ብለው መረቁኝ። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ወጣሁ። በዚህ ማሠልጠኛ የሰቃ ልጆች ብዙ ነን፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በክረምት ሄጄ እኔው ራሴ እስክነግራቸው ድረስ እባካችሁ ቀድማችሁ እንዳትነግሩብኝ።